ስለ «ጤዛ» ፊልም፣ ስለ ሃያስያኑና ስለ ተዋንያኑ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በአንድ ኮሚናል ቤት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን ፊልም ማየት ከጀመርን ወዲህ እንደ «ጤዛ» ያከራከረን ፊልም የለም። ሌሎቹን ፊልሞች አይተን፣ ወንበሩን አንሥተን፣ ደኅና እደሩ ተባብለን እንለያያለን፤ «ጤዛ» በታየበት ማታ ግን መብራት ከጠፋ በኋላ እንኳ ክርክሩ በሻማ ቀጥሎ ነበር። አዳዲስ ተመልካቾች በመጡ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ ያነሣሉ፤ በተለይም «በውጭ አገር ይህን ያህል የተሞገሰው ለምንድን ነው? ከተሞገሰስ የተዋንያኑ ስም ለምን አይጠራም?» የሚለው ሳይነሣ የቀረበት ጊዜ የለም። ስለዚህ መልሶቹን በአንድ ቦታ ጽፎ ማኖር ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጀሁ። ከመካከላችን የማይስማሙ ስላሉ የእነርሱንም ሐሳብ እንደ ሰማሁት ለማስገባት ሞክሬአለሁ። ከመልሶቹ መካከል የታሪኩን መጨረሻ የሚነኩ ስላሉ ፊልሙን ገና ያላየ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ብቻ አንብቦ ቢያቆም ይመረጣል።

ፊልሙ የሚተርከው ስለ ምንድን ነው?

«ጤዛ» የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ሥራ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ነው፤ ርዝመቱም 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። በጀርመን አገር ሕክምና የተማረ አንበርብር የሚባል ሰው አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታውም ተቆራርጦበት፣ በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ ሐይቅ ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ፣ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። ሌሊት ሌሊት ቅዠት ያስጮኸዋል፤ ቀን ደግሞ የሚያየው ነገር ሁሉ ወደ ኋላ ይወስደዋል። በዚህ መንገድ ፊልሙ በምዕራብ ጀርመን የነበረውን የተማሪዎች ንቅናቄ፣ ከአብዮቱ በኋላ አዲስ አበባ ላይ የጠበቀውን ፍርሃትና ግድያ፣ በኋላም በምሥራቅ ጀርመን በዘረኞች እጅ የደረሰበትን ጥቃት እያመላለሰ ያሳየናል። ዕረፍት ፍለጋ የመጣባት መንደርም ዕረፍት የላትም፤ ወታደሮች ለጦርነቱ ወጣት ያፍሳሉ፣ ልጆቹም ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ።

ሽልማቶቹ በትክክል እነማን ናቸው?

በሠፈራችን ወሬው ስለተምታታ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ፊልሙ «ኦስካር አግኝቷል» ብሎ በእርግጠኝነት የተከራከረን ሰው ነበር፤ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ኦሴላን አገኘ፤ በዚያ ዓመት የዳኞቹ ሰብሳቢ ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቪም ቬንደርስ ነበሩ። በዚያው ዓመት በቱኒዝያው የካርቴጅ ፌስቲቫል የወርቅ ታኒትን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ በዋጋዱጉ በሚካሄደው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል፣ በፌስፓኮ፣ ታላቁን ሽልማት የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ ተሸለመ። ፌስፓኮ ከተመሠረተበት ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታላቁ ሽልማት ለኢትዮጵያዊ ፊልም ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ለእኔ ከቬኒስ ይልቅ የሚበልጠው ይህ ነው፤ የቬኒስ ዳኞች አንድን አፍሪካዊ ፊልም ሲያደንቁ አዲስነቱም ሊማርካቸው ይችላል፤ የዋጋዱጉ ዳኞችና ተመልካቾች ግን የወታደር መንግሥትን፣ ውጭ ተምሮ የተመለሰ ሰው የሚገጥመውን ባይተዋርነትና የገጠር እናትን ከማንም በላይ ያውቋቸዋል።

ሃያስያኑ በእርግጥ ወደዱት ወይስ ሽልማቱ ነው ያስወደደው?

ሂስና ሽልማት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዳኞች ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ለምን እንደ መረጡ በዝርዝር የመጻፍ ግዴታም የለባቸውም። ሃያሲ ግን ስሙን አስቀምጦ ምክንያቱን ይጽፋል። ፊልሙ በቬኒስ ከታየ በኋላ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት ሲጀምር የተጻፉት ሂሶች በአመዛኙ የአክብሮት ሂሶች ናቸው። የተመሰገነው በዋናነት የፊልሙ ስፋት ነው፤ የአንድን ትውልድ ተስፋና ውድቀት፣ የሁለት አህጉሮችን ታሪክ፣ የአንድን ሰው የተሰባበረ ትዝታ በአንድ ላይ አዋሕዶ መያዙ ብዙዎችን አስደንቋል። ሁለተኛው የተመሰገነ ነገር የመንደሩ ክፍል ነው፤ ሐይቁ፣ ጉሙ፣ የእሳቱ ዳር ብርሃን።

በሌላ በኩል የተነቀፈ ነገር የለም ማለት አይቻልም። ርዝመቱ፣ ከዘመን ወደ ዘመን የሚዘልበት ፍጥነት፣ በተለይም በጀርመኑ ክፍል ተማሪዎቹ የሚያደርጓቸው የፖለቲካ ክርክሮች ከሰው ንግግር ይልቅ ወደ መፈክር ማዘንበላቸው ተተችቷል። ይህን የመጨረሻውን ነቀፌታ እኔም እቀበለዋለሁ። ሆኖም አንድ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ጎረቤታችን ይህን ስል ሰምተው፣ «ልጄ፣ እኛ በዚያ ዘመን እንዲሁ ነበር የምንነጋገረው፤ ሻይ ስናዝ እንኳ በመፈክር ነበር» ብለው አስቀውናል። እሳቸው እንዳሉት ከሆነ ጉድለቱ የድርሰቱ ሳይሆን የዘመኑ ነው ማለት ነው። እኔ ግን ዘመኑን በትክክል መቅዳት ብቻውን አንድን ትዕይንት እንደማያድነው አሁንም አምናለሁ።

ተራው ተመልካችስ?

ፊልሙ የሃያስያን ብቻ ነው የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በሮተርዳም ፌስቲቫል፣ የፌስቲቫሉ የፊልም መደገፊያ የሆነው ሁበርት ባልስ ፈንድ ከደገፋቸው ፊልሞች መካከል በተመልካቾች ዘንድ ከፍተኛውን ግምት ላገኘው የሚሰጠው የዲዮራፍቴ ሽልማት የደረሰው ለ«ጤዛ» ነበር። ለእኛ ለሠፈሩ ሰዎች የከበደን ታሪኩ ሳይሆን አተራረኩ ነው። ዓይናችን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀጥታ የሚነጉድ ድራማ ለምዷል፤ ከቪዲዮ ቤት ጀምሮ ያደግንበት ነውና። አንድ ሰው ክራንቹን ይዞ ኮረብታ ሲወጣ አይተን ዓይናችንን ጨፍነን ብንገልጥ ጀርመን አገር ኮሎኝም ሆነ አዲስ አበባ ልናገኘው እንችላለን፤ በመጀመሪያው ማታ ከመካከላችን ሁለት ሰዎች «ዲስኩ ተበላሽቷል እንዴ?» ብለው የጠየቁት ስለዚህ ነው።

ተዋንያኑ ለምን አልተሸለሙም? አንበርብርን የተጫወተው አሮን አረፈ ችላ ተብሏል?

በጣም የሚያከራክረን ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

በቬኒስ በዚያ ዓመት የምርጥ ወንድ ተዋናይ ሽልማት ለጣሊያናዊው ሲልቪዮ ኦርላንዶ፣ የምርጥ ሴት ተዋናይት ደግሞ ለፈረንሳዊቷ ዶሚኒክ ብላን ተሰጠ። «ጤዛ» ያገኛቸው ሁለቱም ሽልማቶች፣ አንዱ ለፊልሙ ሌላው ለድርሰቱ በመሆናቸው፣ በመጨረሻ ወደ አንድ ሰው፣ ወደ ፕሮፌሰር ኃይሌ እጅ ገቡ። ሂሶቹም ተመሳሳይ መንገድ ተከተሉ፤ አንድ ገጽ ሂስ ቢጻፍ ከገጹ አብዛኛው ስለ ዳይሬክተሩ፣ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ስለ ስደት ሆኖ ተዋንያኑ የሚደርሳቸው አንድ ወይም ሁለት መስመር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። የውጭው ሃያሲ አማርኛ አይሰማም፤ ከሥር የተጻፈውን ትርጉም እያነበበ ፊት ማንበብ አይቻለውም። አንዲት እናት «ልጄ» ስትል በድምፅዋ ውስጥ ያለው ልመና ይሁን ቁጣ፣ እሱ ከጽሑፉ የሚያገኘው አንድ ቃል ብቻ ነው። የትወናውን ሚዛን መመዘን የነበረብን እኛ ነበርን፤ እኛ ደግሞ ፊልሙ ሲወጣ ሂስ የምንጽፍበት ልማድ ገና አልደረጀልንም ነበር፤ ጉማ የፊልም ሽልማት እንኳ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ አሮን አረፈ እንመለስ። አንበርብርን የተጫወተበት መንገድ በመካከላችን ሁለት ወገን ፈጥሯል። አንደኛው ወገን «ፊቱ አይናገርም፤ እንዲህ ያለ መከራ ያየ ሰው እንዲህ ቀዝቃዛ አይሆንም» ይላል። ይህን የሚሉት ሰዎች ቅር ሊሰኙ አይገባም፤ ስለ ትወና ያለን ግምት ከየት እንደ መጣ ግን ማሰብ ያስፈልጋል። የአገራችን ትወና ያደገው በመድረክ ላይ ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በእነዚህ ቤቶች የሠለጠነ ተዋናይ ኋላ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ድምፁንና ሐዘኑን ማድረስ ነበረበት። ቴሌቪዥን ድራማችንም ከዚያው ወተት ጠጥቷል። እንባ ካልፈሰሰ፣ ደረት ካልተመታ፣ ተዋናዩ የሠራ አይመስለንም።

አሮን አረፈ የሚጫወተው ግን ማስታወስ የፈራን ሰው ነው። ትዝታው የተቆራረጠበት ሰው ፊቱ ቢዘጋ አያስደንቅም፤ የሚያስደንቀው ፊቱ ሲከፈት ነው። ልብ ብለው ቢመለከቱት በጀርመኑ ክፍል ያው ሰው ይስቃል፣ ይዘፍናል፣ ቶሎ ቶሎ ይናገራል፤ ትከሻው እንኳ ሌላ ነው። መንደር ሲመለስ ድምፁ ወርዶ፣ ለመልስ የሚወስደው ጊዜ ረዝሞ፣ ዓይኑ ከሰው ይልቅ ከውኃው ጋር የሚነጋገር ይሆናል። አንድ ተዋናይ በአንድ ፊልም ውስጥ የሃያ ዓመት ዕድሜ ልዩነትን ያለ ብዙ ሜካፕ በአካሉ ብቻ ሲያሳይ «ቀዝቃዛ ነው» ማለት፣ ለእኔ፣ ሥራውን አለማየት ነው። አንድ ነገር ግን ለተቃዋሚዎቹ እለቃለሁ፤ በአዲስ አበባው ክፍል፣ በስብሰባዎቹና በግምገማዎቹ መካከል፣ አንበርብር ከሚገባው በላይ ተመልካች ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ያ የተዋናዩ ይሁን የድርሰቱ ጉድለት መለየት ከባድ ነው።

እውነት አንድም ተዋናይ አልተሸለመም?

አንድ አለ፤ ብዙዎቻችን የማናውቀውም እሱን ነው። የአንበርብርን ጓደኛ የተስፋዬን ሚና የተጫወተው አብዬ ተድላ በካርቴጅ የምርጥ ረዳት ተዋናይ ሽልማትን አግኝቷል። ሽልማቱ ከአውሮፓ ሳይሆን ከአፍሪካ መምጣቱ ከላይ ያልኩትን ያጠናክርልኛል።

ተስፋዬ አብዮቱን አምኖ አገሩን ለማገልገል ቸኩሎ የሚመለስ ሰው ነው፤ ጀርመን አገር ቤተሰብ ጥሎ መጥቷል። አብዬ ተድላ ይህን ሰው ሲጫወት ሞኝ አላደረገውም፤ ጀግናም አላደረገውም። ተስፋው ቀስ በቀስ ሲሟጠጥ የምናየው በንግግሩ ሳይሆን በአቀማመጡ ነው። አሟሟቱን እዚህ አልዘረዝርም፤ ያየ ያውቀዋል፤ ያላየ ሲያየው ይደርሳል። እኔ በምገኝበት ማታ ሁሉ፣ በዚያ ትዕይንት ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ወደ ውጭ ሳይወጣ ቀርቶ አያውቅም፤ ብዙ ጊዜ የሚወጡት ደግሞ ዕድሜያቸው ከስልሳ የዘለሉት ናቸው።

እናቲቱን የተጫወተችው ማን ናት? ለምንስ ስለ እርሷ ይህን ያህል እንነጋገራለን?

ታከለች በየነ ትባላለች። ስለ ትወና በሠፈራችን የተነገረው ትልቁ ሂስ ስለ እርሷ የተነገረው ነው፤ የተናገሩትም አንዲት ቡና አጣጫችን የሆኑ እናት ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም፤ የፊልም ሃያሲ የሚባል ሥራ እንዳለም እንጃ። «ስትናገር አትመልከቷት፤ ዝም ስትል እጇን ተመልከቱት» አሉን። በሚቀጥለው ጊዜ እንደዚያ አድርገን አየን። እኔ በበኩሌ ከዚያ በፊት ፊልሙን አላየሁትም ማለት እችላለሁ።

ልጇ እግሩን አጥቶ ተመልሷል፤ የት እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ደረሰበት አይነግራትም፤ ሌሊት ይጮኻል። ሰዉ ጠበል ውሰጂው ይላታል። እናት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሷ ግን አትጠይቀውም። ያ ያልተጠየቀ ጥያቄ በፊልሙ ሙሉ በእጇ ላይ አለ፤ ስትዳስሰው፣ ልብሱን ስታስተካክልለት፣ ማዕድ ስታቀርብለት። ሃያስያኑ ስለ ፊልሙ ጨለማ ሲጽፉ ጭካኔውን፣ ግድያውንና ስደቱን ይዘረዝራሉ። ለእኔ ፊልሙን ከጨለማው ሁሉ በላይ የሚያከብደው ይህች ሴት ናት፤ የሌሎቹ መከራ ቢያንስ ምክንያት አለው፤ የፖለቲካ ወይም የዘር ምክንያት ይሰጠዋል፤ የእርሷ ግን መጠበቅ ብቻ ነው። ለዚህ ትወና በየትኛውም ቋንቋ ከሁለት መስመር በላይ ቢጻፍላት ይገባት ነበር።

አዛኑስ?

አዛኑ መንደሩ ያገለላት ሴት ናት፤ በገዛ ልጇ ሞት ትወቀሳለች፤ የአንበርብር እናት ግን አስጠግታታለች። ስለ እርሷ የሚነሣው ቅሬታ ከትወናው ይልቅ የድርሰቱ ነው፤ ሚናዋ የቆሰለውን ወንድ ለማዳን ብቻ የተፈጠረ ይመስላል የሚሉ ወጣት ሴቶች አሉን፤ ቅሬታቸው ሚዛን የሚደፋ ነው። ተዋናይቷ ከተሰጣት ጥቂት ቃል ብዙ አውጥታለች፤ በመጨረሻው ክፍል ላይ፣ ልጅ ሲወለድ፣ ፊልሙ ወደ ፀሐይ የሚወጣው በእርሷ በኩል ነው።

እንዲህ ከሆነ ለምን «ጤዛ» ተባለ? ለምንስ ያን ያህል ጨለማ ፊልም ይባላል?

ጤዛ በአማርኛችን የዕድሜ ማጠር ምሳሌ ነው፤ ጸሐይ ስትወጣ ይረግፋል፤ የዚያ ትውልድ ወጣቶችም እንዲሁ ረግፈዋል። ግን ጤዛ በማግስቱ ማለዳም አለ። የውጭው ሃያሲ ርእሱን «የማለዳ ጤዛ» ብሎ ሲተረጉም የመጀመሪያውን ትርጉም ብዙም አያገኘውም፤ ለእርሱ ውብ የተፈጥሮ ቃል ነው። ለእኛ ግን ርእሱ ገና ከመነሻው የለቅሶ ቃል ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ፊልም አይተን እኛ «ከባድ» ስንል እነርሱ «ከጨለማ በኋላ ተስፋ ያለበት» ሊሉት ይችላሉ፤ ሁለታችንም አልተሳሳትንም።

ዳኞቹ የሸለሙት መከራችንንና ድህነታችንን ስለሚያሳይ አይደለም?

ይህን ጥያቄ በቁጣ የሚጠይቁ አሉ፤ ቁጣቸውም ከባዶ የመጣ አይደለም። ከ1977ቱ ረኃብ ወዲህ የኢትዮጵያ ስም ከተራበ ሕፃን ምስል ጋር ተጣብቆ መቅረቱ ያላሳመመው ሰው የለም፤ ስለዚህ ፈረንጅ አንድን ሐዘንተኛ ፊልማችንን ሲያጨበጭብለት መጠራጠራችን ልክ ነው።

ነገር ግን «ጤዛ»ን በዚህ ወንጀል መክሰስ ፊልሙን ሳያዩ መፍረድ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ እርዳታ የሚለምን ሰው ሳይሆን ሐኪም ነው። ከፊልሙ ሰፊ ክፍል የሚካሄደው ጀርመን ውስጥ ነው፤ እግሩን ያጣውም በድህነት ወይም በጦርነት ሳይሆን በአውሮፓ ምድር በዘረኞች እጅ ነው። አውሮፓዊው ዳኛ ይህን ሲያይ ተመጻዳቂ ሆኖ የሚቀመጥበት ቦታ አያገኝም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የቬኒስ ፌስቲቫል የተመሠረተው በ1932 እ.ኤ.አ. በፋሺስቱ ዘመን ሲሆን ከ1934 ጀምሮ ለምርጥ ፊልሞች የሚሰጠው ዋንጫ በሙሶሊኒ ስም ይጠራ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላም የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን ወረረ። የወረራው ትዝታ የሰፈረበትን ኢትዮጵያዊ ፊልም ያው ፌስቲቫል ከሰባ ዓመታት በኋላ ሸለመው። ይህን ለመካካሻ ብዬ ሳይሆን፣ የሽልማት ቤት ታሪክ ከምናስበው በላይ ከእኛ ጋር የተነካካ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ሌላው ማስረጃ ገንዘቡ ነው። ፕሮፌሰር ኃይሌ ለዚህ ፊልም የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ከዐሥር ዓመት በላይ ደክመዋል። የፈረንጅ ገበያ የሚፈልገውን ሐዘን ለመሸጥ የፈለገ ሰው ያን ያህል አይጉላላም ነበር።

ከ«ድፍረት» ፊልም ጋር ለምን ይነጻጸራል?

ሁለቱም ከባድ ታሪክ ስለሚተርኩና ሁለቱም በውጭ ስለተሸለሙ ነው፤ ንጽጽሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን ያገኛቸው ሽልማቶች በተመልካች ድምፅ የሚሰጡ ናቸው፤ ሃያስያኑ ግን «ጉዳዩ ከኪነ ጥበቡ ይቀድማል» በሚል ስሜት ቆጠብ ብለው ነበር። በ«ድፍረት» ላይ የተዋናይቶቹ የሜሮን ጌትነትና የትዝታ ሀገሬ ስም ከዳይሬክተሩ ከዘረሰናይ ብርሃነ መሓሪ እኩል ሲነሣ፣ በ«ጤዛ» ላይ ተዋንያኑ ከዳይሬክተሩ ጥላ ሥር ቀሩ። ምክንያቱ አንዱ የአተራረክ ልዩነት ነው፤ «ድፍረት» በቀጥታ መንገድ ሄዶ ሰው ላይ ያተኩራል፤ «ጤዛ» ዘመንን ይከተላል። ሁለቱን በአንድ ማታ ማሳየት አይመከርም፤ ሞክረነዋል፤ ማንም እራቱን አልበላም።

ሙዚቃውና ካሜራው የማን ናቸው?

ሙዚቃውን የሠሩት ሳክስፎን ተጫዋቹ ጆርጋ መስፍንና አሜሪካዊው ፒያኒስት ቪጄይ አየር ናቸው። ካሜራውን የያዙት ጣሊያናዊው ማሪዮ ማሲኒ ናቸው፤ በቬኒስ የምርጥ ፎቶግራፊ ኦሴላ ለሩሲያ ፊልም ቢሄድም፣ በካርቴጅ ሙዚቃውም ካሜራውም ተሸልመዋል።

ልጆችን ይዞ መምጣት ይቻላል?

አይቻልም። ድብደባና ግድያ በግልጽ ይታያል። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያሉትን ወላጅ ቢያመጣቸው እንኳ ከበር እንመልሳለን።

የፕሮፌሰር ኃይሌን ሌሎች ፊልሞች አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል?

አያስፈልግም፤ ትወናውን ለመረዳት ግን አንዱን ማየት ይጠቅማል። በ1974 እ.ኤ.አ. ከሎስ አንጀለስ ትምህርታቸው ለክረምት መጥተው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ የቀረጹት ስለ ባላባትና ጭሰኛ የሚተርከው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚባል ጥቁርና ነጭ ፊልም አለ፤ የሚጫወቱት ሙያተኛ ተዋንያን ሳይሆኑ ገበሬዎች ናቸው። እሱን ያየ ሰው በ«ጤዛ» ውስጥ ያለው ዝግታና ዝምታ ድንገት የመጣ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ዳይሬክተሩ ከሠላሳ ዓመት በፊት ጀምሮ ተዋናይን የሚያሠሩት እንዲህ ነው፤ እንዲኖር እንጂ እንዲያሳይ አይጠይቁትም። «አሮን ፊቱ አይናገርም» ከሚለው ወገን ሦስቱ ይህንን ፊልም ካሳየናቸው በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረዋል፤ አንዱ ግን አልቀየረም፤ እንዲያውም «አሁን ጥፋቱ የተዋናዩ ሳይሆን የዳይሬክተሩ መሆኑን ዐወቅሁ» አለ።

አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል?

አይበቃም። በመጀመሪያው ጊዜ ተመልካቹ ሙሉ ጉልበቱን የሚያጠፋው የቱ ዘመን የት ላይ እንዳለ በመለየት ነው፤ ተዋንያኑን የሚያየው በሁለተኛው ነው። አንድ ቀላል ምልክት ልስጥ፤ ክራንቹን ይመልከቱ። ክራንች ካለ መንደር ነን፤ ከሌለ ከዚያ በፊት ነን፤ ብዙውን ግራ መጋባት ይህ ብቻ ይፈታዋል። ሁለተኛውን ማሳያ የምናደርገው በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ከአያት በጣፎ በኩል የሚመጡ ሰዎች ታክሲ ከ3 ሰዓት በኋላ ስለሚጠፋ ፊልሙን በሰዓቱ እንጀምራለን፤ ለክርክሩ የሚቆዩት ደግሞ በእግራቸው የሚገቡት ብቻ ናቸው።